ከተዘጋው ፎቅ የመጣ ትኩስ ናሙና

ይህ ታሪክ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው ሰምቼ ያቀናበርኩት፣ ለማሳመር ብዬ የጨመርኩበት ነገር የለም።

እንዲያውም ቀንሼ ነው የምጽፈው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በሌሊት ይመስለዋል። መብራት ሲጠፋ፣ ውሻ ሲያላዝን... የኔ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ፀሐይዋ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ጠግቦ፣ ግማሹ ሠራተኛ እንቅልፍ እያዳፋው።

ቦታው ሆስፒታል ነው። የምሠራው ምድር ቤት፣ ደም ባንክ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ ቶሎ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ሁለት ሰው ሲጣላ ባይ የሁለቱንም ሳልሰማ አልፈርድም። ይህንንም ነገር አንዴ በማሽኑ፣ አንዴ በሰዎቹ፣ አንዴ በራሴ ድካም ላይ እየፈረድኩ ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። ሌላ ማብራሪያ ያለው ሰው ካለ ዛሬም ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

እስካሁን ያመጣልኝ የለም።

እኛ ሆስፒታል ውስጥ የደም ናሙና ሰው ተሸክሞት አይሄድም። በጣሪያው ሥር፣ በግድግዳው ውስጥ፣ በደረጃው ጥግ የሚያልፍ የጭን ውፍረት ያለው ቱቦ አለ። ከየክፍሉ እየተነሳ ምድር ቤት፣ እኛ ጋ መጥቶ ያበቃል። ናሙናው ውስጧ በስፖንጅ የተለበጠች አጭር በርሜል ውስጥ ይቆለፋል። በርሜሏን ሁላችንም "ጥይት" ነው የምንላት። ጥይቷን ቱቦው አፍ ላይ ታስቀምጣታለህ። የቀረውን ነፋስ ይሠራዋል። ይገፋታል፣ ወይም ይስባታል።

ስትመጣ ትሰማታለህ። መጀመሪያ ቱቦው በረጅሙ ይተነፍሳል። ከዚያ ከሩቅ ጉርርር... ከዚያ ዷ! ቅርጫቱ ውስጥ ናት።

ከቱቦው አፍ በላይ ያለው ስክሪን ላይ የሁሉም ክፍል ስም ተደርድሯል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። "መልስ" ይላል። እሱን ከተጫንክ ጥይቷ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። ሥራ ሲበዛ የክፍል ስም እየፈለገ የሚለቅም ሰው የለም። ናሙናው ወደ መጣበት ክፍል ደሙ ይላካል፣ አለቀ። "መልስ"ን የምትጫነው እጃችን ናት፤ ጭንቅላታችንን አታማክርም።

ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

በዚያ ቀን እህቴ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማዋለጃ ክፍል ነበረች። ታላቄ ናት። እናታችን ስታርፍ እኔ ገና ጫማዬን ማሰር አልችልም ነበር። አብልታ፣ አልብሳ፣ ገርፋም አስተምራኝ እዚህ ያደረሰችኝ እሷ ናት። በስሟ ጠርቻት አላውቅም። "እታለም" ነው የምላት። ከኔ በቀር እንዲህ ብሎ የሚጠራት ሰው የለም።

ጠዋት ወንድ ልጅ ተገላግላ ነበር። እሷም ልጁም ደህና ናቸው ተባልኩ።

ሥጋቴ ሌላ ነው። የእታለም ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው። የኔም እንደዚያው። እኛ ጋ እንደ ልብ የሚገኝ ደም አይደለም። በዚያ ቀን ፍሪጃችን ውስጥ የነበረው ሁለት ከረጢት ብቻ ነው። አንዱ የኔ ነው፤ ለዚሁ ቀን ብዬ አስቀድሜ የሰጠሁት። እንደገና ልስጥ ብል ገና ጊዜዬ አልደረሰም።

ሁለት ከረጢት... "አይነካም" አልኩ ለራሴ። "ሳይነካ ነው የሚቀረው።"

እንግዳው ነገር ግን ምልክት መስጠት የጀመረው ረፋዱ ላይ ነው።

ቱቦው ተነፈሰ፣ ጥይት መጣች። ከፈትኳት። አንድ ብልቃጥ ደም። ስም የለውም። ምንም አልተጻፈበትም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ስለሆነ "ቀጭኔ" ነው የምንለው። በትከሻዬ ላይ አየት አደረገና ሳቀ።

"አድናቂ አገኘህ ማለት ነው። ሌላው አበባ ይላክለታል፣ ላንተ ደም።"

"ስም የለውም።"

"ዓይን አፋር ናት፤ ምን ታድርግ።"

ስም የሌለው ናሙና አንቀበልም። ሕግ ነው። ጣልኩት።

ስጥለው ግን ብልቃጡ መዳፌ ላይ ሙቀቱን ተወ። ገና አሁን ከሰው ክንድ እንደወጣ።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ። እሱም ስም የለውም። እሱም ትኩስ ነው።

አሁን አተኩሬ አየሁት። የናሙና ብልቃጥ እስከ አፉ አይሞላም። ከላይ ሁልጊዜ ትንሽ ክፍት ቦታ ይቀራል። ይሄኛው ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ክዳኑን ገለበጥኩት። ደም የሚገባው መርፌ የጎማውን ክዳን ወግቶ ነው፤ ጎማው ላይ የመርፌ ምልክት ይኖራል።

ጎማው አልተወጋም።

"ከየት ነው የተላከው?" አለ ቀጭኔ።

ስክሪኑን አየሁ። "አራተኛ ፎቅ።"

"ቀልደኛ!"

"እየው ራስህ።"

አየው። ሳቁ ግማሽ ላይ ቆመ።

አራተኛ ፎቅ ከተዘጋ ቆይቷል። ለእድሳት ብለው አልጋዎቹን አወጡ፣ መብራቱን ቆረጡ፣ በሩን በሰንሰለት ጠፈሩት። ከዚያ እድሳቱም ቀረ።

የቱቦውን ጥገና የያዙት ሰውዬ "ጋሼ ቧንቧ" ይባላሉ። ደወልኩላቸው።

"አራተኛ ፎቅ ጣቢያ የለም፣ ልጄ" አሉኝ። "እኔው ነኝ በእጄ የነቀልኩት። የቱቦው ጫፍ በቆርቆሮ ክዳን ተዘግቷል።"

"ታዲያ ስክሪኑ ለምን እንዲህ ይላል?"

"ስክሪን ምን ያውቃል? ሌላ ክፍል የላከውን ነው በስህተት አራተኛ የሚልህ። ከምሳ በኋላ መጥቼ አየዋለሁ።"

ይሄ አሳማኝ ነው። ተቀበልኩት።

ሦስተኛው ሲመጣ ቀጭኔ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ አፉን የቱቦው አፍ ላይ ደገነና እንደ መንደር ለፋፊ ጮኸ።

"ስም! ኧረ ስም ጻፉበት! ስም ከሌለው ደም የለም!"

ድምፁ ወደ ላይ እያስተጋባ ሄደ... ሄደ... ሄደ።

ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ቱቦው ተነፈሰ። ጥይት አልመጣችም። ዝም ብሎ ተነፈሰ። አንድ ሰው አዳምጦ ሲጨርስ እንደሚተነፍሰው።

ቀጭኔ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"ምሳ ልብላ" አለ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። ማዋለጃ ክፍል። ዋናዋ አዋላጅ ናቸው። ብዙ ዘመን የሠሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው።

"እህትህ ደም እየፈሰሳት ነው" አሉኝ።



"ብዙ ነው?"

"ብዙ ነው። ሐኪሙ እየሠራ ነው። ደም አዘጋጅልኝ። ሁለቱንም።"

እኛ ጋ ደም በአንድ ናሙና አይወጣም። ጠዋት ከተቀዳው ሌላ፣ በሌላ ሰዓት የተቀዳ ሁለተኛ ናሙና መጥቶ ከመጀመሪያው ጋር መስማማት አለበት። ሰው ሲቸኩል የአንዱን ደም በሌላው ስም ሊልክ ይችላል፤ የተሳሳተ ደም ደግሞ ይገድላል። ለእህቴ ብዬ ሕጉን ብዘል ልገድላት እችላለሁ።

"ሁለተኛ ናሙና ይላኩልኝ" አልኩ። ከዚያ ድምፄ አመለጠኝ። "ሲስተር፣ በናትዎ... የእታለምን ናሙና ቶሎ ይላኩልኝ! እታለምን..."

"እንልካለን" ብለው ዘጉ።

ስልኩ ያለው የቱቦው አፍ አጠገብ ነው።

ስልኩን ገና ሳላስቀምጥ ቱቦው ተነፈሰ።

ጉርርር... ዷ!

"ተባረኩ" አልኩ። "እንዴት ፈጠኑ!"

ከፈትኩ። አንድ ብልቃጥ። ትኩስ። ስም ተጽፎበታል።

"እታለም" ይላል።

አሁን ስታነቡት ለእናንተ ግልጽ ነው። ለኔ ግን በዚያች ሰዓት አልታየኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ስሙን ከጠዋቱ ናሙና ጋር ያስተያየው ነበር። እኔ ምኑን አስተያያለሁ? እህቴ ናት! ሕይወቴን ሙሉ የጠራሁት ስም ነው። ዓይኔ አየው፣ ልቤ "አዎ፣ እሷ ናት" አለ፣ እጄ ሥራውን ቀጠለ።

ደሙን መረመርኩ። ኦ ኔጌቲቭ። ከጠዋቱ ጋር ተስማማ።

ከፍሪጁ አንዱን ከረጢት አወጣሁ። የኔው ነው። ቀዝቃዛ፣ ሙሉ፣ ከባድ። ጥይቷ ውስጥ ቆለፍኩት።

እጄ "መልስ"ን ተጫነች።

ነፋሱ ሳባት። ሄደች።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። "ይድረስልሽ እታለም" አልኩ። ቀጭኔ ጥርሱን እየጎረጎረ ገባ። ፊቴን ሲያይ ስንጥሩን ጣለ።

"ምን ሆነሃል?"

"እህቴ እየደማች ነው። አንዱን ልኬላታለሁ።"

"በርታ፣ ወንድሜ። ትድናለች..."

ስልኩ ጮኸ።

"ደሙ የታለ?" አሉ አዋላጇ።

"ልኬዋለሁ እኮ! አልደረሰም?"

"ምንም የደረሰ የለም።"

"ናሙናችሁ እንደመጣ ወዲያው ነው የላክሁት..."



"የምን ናሙና?" አሉ። "ገና አልቀዳንም። ደም ሥሯ ጠፍቶብን እየፈለግን ነው።"

ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዞሬ አየሁት። እስከ አፉ ጢም ብሎ የሞላ። አነሳሁና ክዳኑን ገለበጥኩት።

ጎማው አልተወጋም።

ስክሪኑን ማየት አልፈለግሁም። ቀጭኔ አየልኝ።

"አራተኛ ፎቅ" አለ በሹክሹክታ። "አንተ... አራተኛ ፎቅ ነው የላክኸው።"

በዚህ መሃል ቱቦው ተነፈሰ።

ጥይቷ ተመለሰች። የቅድሙ አመጣጧ አልነበረም። ቀስ ብላ... ተንከባልላ... ቅርጫቱ ውስጥ አረፈች።

በመጨረሻ እኔው ከፈትኳት።

የደም ከረጢቱ ነው። ጠፍጣፋ። እንደ ወረቀት የሳሳ። አልተቀደደም፣ አልተወጋም፣ ማሸጊያው እንኳ እንዳለ ነው። ውስጡ አንዲት ጠብታ የለም። ከፍሪጅ ያወጣሁት ከረጢት ነው... ግን ሞቆ ነበር። ላስቲኩ ላይ እንደ ትንፋሽ ያለ እርጥበት ነበረበት።

የኔ ደም ነበር።

"አትንካው" አለ ቀጭኔ። "ተወው። ሌላው... ሌላው አለ አይደል?"

አንድ ከረጢት። የመጨረሻው።

"በእጄ ነው የምወስደው" አልኩ።

"ሕጉስ? ሁለተኛው ናሙና..."

"ሄጄ ራሴ አጠገቧ ሆኜ፣ የደሟን ዓይነት አልጋዋ ላይ አይቼ ነው የምሰጣት። ካርዱን ስጠኝ!"

በአንዲት ጠብታ የደም ዓይነት የሚያሳየውን የመመርመሪያ ካርድ ኪሴ ውስጥ ወሸቀልኝ። ከረጢቱን ከሸሚዜ ሥር፣ ሆዴ ላይ አቀፍኩት። ቅዝቃዜው ቆዳዬን ቆነጠጠኝ።

አሳንሰሩ ከላይ ቆሟል። ደረጃውን ያዝኩ።

ቱቦው በደረጃው ጥግ በኩል ነው ወደ ላይ የሚወጣው። በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ፤ አይቼው አላውቅም። የመጀመሪያውን ደረጃ ስረግጥ...

ጉር።

ቱቦው ውስጥ። እጎኔ።

ጥይት በቱቦ ውስጥ ስትሄድ ትበራለች። ሰምተህ ሳትጨርስ አልፋለች። ይህች ግን አልበረረችም። አንድ ደረጃ ስወጣ፣ ጉር። ሌላ ስወጣ፣ ጉር። ቆምኩ።

ቆመች።

ሮጥኩ። ጉርጉርጉር... ሮጠች።

ደረጃው ላይ ጠያቂዎች ተቀምጠዋል። ስልክ የምትነካካ ወጣት፣ እግሩ የታሸገ ሰውዬ፣ በምርኩዝ የተደገፉ ሽማግሌ። ሽማግሌው ቱቦውን ቀና ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን አግኝቶት ነው የሚያንኳኳ?"

"ነፋስ ነው፣ አባባ።"

"ነፋስ እንዲህ ይረግጣል?" አሉ።

ደረጃውን ቀጠልኩ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀደመችኝ። ሦስተኛው ፎቅ በር ጋ፣ ልክ ከራሴ በላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በሥሯ ማለፍ ነበረብኝ። ከረጢቱን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ አንገቴን ቀብሬ አለፍኩ። ከላይ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከሸሚዜ ሥር ያለው ደም... ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ወደ ላይ። ወደ ጣሪያው። ውሃ የተሞላ ፊኛ ከአንድ ወገን ሲጎትቱት እንደሚሆነው።

ጨምቄ ያዝኩት። ገባሁ።

የእታለም ፊት የአንሶላውን ቀለም ይዟል። ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኗል። ልጇ ከአልጋዋ ጎን በትንሿ አልጋ ተኝቷል።

ካርዱን አወጣሁ። አዋላጇ ከእታለም ጣት ጠብታ ጨመቁልኝ። ጠብቄ አየሁ። ኦ ኔጌቲቭ።

"ስቀሉት!" አልኩ።

እንደ ምንም ደም ሥሯን አግኝተው ሰቀሉት። ደሙ መውረድ ጀመረ። ጠብ... ጠብ... ጠብ...

ግንባሯን ነካሁ። ዓይኗን ገለጠች።

"መጣህ?" አለች። ድምፅዋ ክር ነው።

"መጣሁ እታለም። አይዞሽ። አትናገሪ።"

"ደግሞ... ሊቀዱኝ ነው?"

"አልተቀዳሽም፣ እታለም። ገና ነው።"

"ተቀድቻለሁ።"

"ማን ቀዳሽ?"

"ያችኛዋ። ቅድም። ቀስ አድርጋ... ምንም አላሳመመችኝም። ስሜን ጠየቀችኝ።"

ወደ አፏ ጎንበስ አልኩ።

"ምን አልሻት?"

ፈገግ ለማለት ሞከረች።

"አንተ የምትጠራኝን።"

እጅጌዋን ገለጥኩ። ክንዷ መታጠፊያ ላይ ጥጥ አለ። በፕላስተር በሥርዓት ተለጥፏል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሚለጥፈው። አዋላጇን አየኋቸው።

"ከጎኗ ንቅንቅ አላልኩም" አሉ በቀስታ። "ማንም አልገባም። ያንን... እኔ አለጠፍኩትም።"

በዚህ ጊዜ ከጠረጴዛቸው በላይ ያለው የክፍሉ ቱቦ ተነፈሰ።

ጥይት ቅርጫቱ ውስጥ አረፈች። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። አዋላጇ በልማድ እጃቸውን ዘረጉ።

"አይክፈቷት!" አልኩ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ከየት ነው የመጣው?" አለ ሐኪሙ ከእህቴ ላይ ቀና ሳይል።

አዋላጇ ስክሪኑን አዩ። የሕፃኑን አልጋ ጎትተው ወደ መስኮቱ፣ ከቱቦው አርቀው አቆሙት። ከዚያ ተመልሰው እህቴና ቱቦው መካከል ጀርባቸውን ለቱቦው ሰጥተው ቆሙ። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ድረስ ንቅንቅ አላሉም።

ጥይቷ ቅርጫቱ ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ አንዳንዴ ትንቀጠቀጥ ነበር። ቀስ ብላ። እንደተራበ ሆድ።

እታለም ተረፈች።

ደሙ ቆመ። ማምሻውን ከንፈሯ ቀለም አገኘ። ሐኪሙ "አንድ ከረጢት ብቻ እንዲህ ያነሳታል ብዬ አልጠበቅሁም" አለ። እኔም አልጠበቅሁም። እግዚአብሔር ይመስገን አልን።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ቧንቧ የነፋሱን ሞተር አጠፉ። ያችን ጥይት ፊቴ ከፈቷት። ባዶ ናት። "ይኸው" አሉኝ። "ለባዶ በርሜል ነው እንዴ ልብህ የወለቀው?"

"አራተኛ ፎቅን ያሳዩኝ" አልኩ።

እያጉረመረሙ ሰንሰለቱን ፈቱ። ገባን። አቧራ። የተቆለለ ፍራሽ። ወለሉ ላይ ከኛ በቀር የማንም ኮቴ የለም። የቱቦው ጫፍ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ክዳኑ እንዳሉት ነው። ብሎኖቹ ዝገዋል። የተነካ ነገር የለም።

መዳፌን ክዳኑ ላይ አኖርኩ።

ሞቃት ነበር።

"ጋሼ፣ እስቲ ይንኩት።"

ነኩት። እጃቸውን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰቡ።

"ፀሐይ... ፀሐይ መትቶት ነው" አሉ።

መስኮቶቹ ሁሉ በካርቶን ተሸፍነዋል።

እሳቸውም አዩ። ስንወርድ ሰንሰለቱን ደጋግመው ጠፈሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩ እንደጠፋ ነው። አለቆቻችን "የቴክኒክ ብልሽት" ብለው ለጠፉበት። ናሙና ሁሉ አሁን በእጅ ነው የሚመጣው። ሠራተኛው ደረጃው ገደለን ብሎ ያማርራል። እኔና ቀጭኔ አናማርርም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እታለም ቤት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤቱ በብርሃን ተሞልቷል። ባሏ ሳሎን ውስጥ የተገጣጠመ የልጅ አልጋ እየፈታ ይገጥማል።

"አንድ ብሎን ተርፎኛል" አለኝ።

"ይተርፋል እንዴ?"

"እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። አልጋው ግን ቆሟል። ዝም ብለህ እየው፣ አትንካው።"

እታለም ሳቀች። ስትስቅ አየኋት፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ ዓይኗ በርቷል። ልቤ ተመለሰ።

"ና አግዘኝ" አለችኝ። "ልጄን ልጠበው። አንተ ውሃውን ታፈስሳለህ።"

መታጠቢያ ቤት ገባን። ሳፋውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ልጁን ከፎጣው ፈታችው። ዝም ያለ ልጅ ነው። ከሳ ያለ መሰለኝ።

"ጡት ይጠባል?"

"ሌላ ሥራ የለውም። ጠብቶ ጠብቶ... ግን አይወፍርም። ቀለሙም አላማረኝም። ነገ ሐኪም አሳየዋለሁ።"

ውሃውን በማንቆርቆሪያ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። እግሩን ያዝኩለት። ተረከዙ ላይ አንዲት ክብ ነጭ ፕላስተር አለች። እንደ አዝራር ትንሽ። ገና አዲስ።

"ክትባት ወስዳችሁት ነበር?"

"ከሆስፒታል ከመጣን ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ለምን?"

ፕላስተሯን በጥፍሬ ጫፍ አነሳኋት። ከሥሯ አንዲት የመርፌ ነጥብ። ነጥቧ ላይ ቀይ ጠብታ ቀስ ብላ ወጣች... አበጠች... ከበደች።

ትወርዳለች ብዬ ጠበቅሁ።

አልወረደችም።

የሕፃኑን እግር ከሳፋው በላይ ይዤው ነበር። ጠብታዋ ወደ ጎን ዘንበል አለች። እንደ ክር ቀጠነች፣ ረዘመች። አየር ላይ፣ ምንም ሳትነካ... ወደ ወለሉ ጥግ፣ ወደ ውሃ መውረጃው ቱቦ አፍ ተሳበች።